ከኤም3 ወደ ኤም4፦ ስፒንድሉ አቅጣጫ ሲቀይር በመሃል የሚሆነው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ወንድማችን የቆየ ሚሊንግ ማሽን (በሚዞር መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን) ወደ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ፕሮግራም ወደሚመራ፣ ቀይሯል። መቁረጫውን ይዞ የሚዞረውን ዘንግ፣ ስፒንድሉን፣ የሚያዞረው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ሞተሩን የሚነዳው ደግሞ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ነው። ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ ሁለት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ይወጣል፤ አንዱ ወደ ፊት (በፕሮግራሙ ኤም3)፣ ሌላው ወደ ኋላ (ኤም4) ያዛል። እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ፕሮግራሙ ላይ ከኤም3 ቀጥሎ ኤም4 ሲመጣ፣ አንዳንዴ ኢንቨርተሩ ቮልቴጅ በዛ የሚል ፎልት አሳይቶ ይቆማል። አንዳንዴ አቅጣጫው ይቀየራል፤ ግን ስፒንድሉ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ዜድ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው) መንቀሳቀስ ይጀምራል። እስካሁን ሁለት ታፕ (ጉድጓድ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣ መቁረጫ) ተሰብሮብኛል። በመሃል የጂ4 ቆይታ ባስገባ ይበቃኛል?»

ወንድሜ፣ ቆይታው የዛሬን ሥራ ያስኬድልሃል። ችግሩን ግን አይፈታውም። ለምን እንደማይፈታው ላስረዳህ። እሱ ከገባህ የቀረውን ራስህ ትጨርሰዋለህ።

ኤም4 ሲጻፍ አንድ ትዕዛዝ ነው። ስፒንድሉ እየዞረ ከሆነ ግን ሦስት ሥራ አለበት። መጀመሪያ መቆም አለበት። ቀጥሎ መቆሙ መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በሌላው አቅጣጫ ተነስቶ ፍጥነቱ ላይ መድረስ አለበት። አንተ ጋ የጎደለው ማረጋገጡ ነው። መቆጣጠሪያህ ሪሌዩን ቀየረና ወደሚቀጥለው መስመር ሄደ። ስፒንድሉ ምን ላይ እንዳለ የጠየቀው የለም።

ወደ ኢንቨርተሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አቅጣጫው ራሱ አንድ ነገር ላንሳ። ኤም3 በሰዓት አቅጣጫ፣ ኤም4 ከሰዓት በተቃራኒ፣ ኤም5 ማቆም ነው። ግን «በሰዓት አቅጣጫ» የሚባለው ከየት ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው? ከላይ፣ ከስፒንድሉ ወደ ሥራው ለሚያይ ነው። ጎንበስ ብለህ ከታች ወደ ላይ ካየኸው የተገላቢጦሽ ይሆንብሃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ መቁረጫ ሳታስር፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ኤም3 ስጥና ከላይ ሆነህ እይ። ከተገለበጠ መብራቱን አጥፋ። የኢንቨርተሩ ካፓሲተር እስኪራገፍ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን አቀያይር። በፓራሜትር መገልበጥም ይቻላል። እኔ ግን ሽቦውን እመርጣለሁ። ኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ «ፊት» ሲል ኤም3 ማለት ከሆነ፣ ነገ ማሽኑን የሚነካ ሌላ ሰው አይደናገርም።

ማሽንህ የብሪጅፖርት ዓይነት ጭንቅላት ካለው ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለው። እነዚያ ማሽኖች ዝቅተኛውን የማርሽ ክልል ስታስገባ ስፒንድሉ ከሞተሩ በተቃራኒ ይዞራል። በከፍተኛው ክልል ትክክል የነበረው ኤም3 በዝቅተኛው ኤም4 ይሆናል። በእጅ የሚሠራ ሰው ማብሪያውን ወደ ሌላ ጎን ያዞርና ይቀጥላል። ፕሮግራም ግን ይህን አያውቅም። የማርሹን ቦታ የሚነግር ስዊች አስገባና መቆጣጠሪያው አቅጣጫውን ራሱ ይገልብጥ። ዘጠና ዲግሪ የሚያጥፍ ጭንቅላት ከገጠምክም አቅጣጫው ሊገለበጥ ስለሚችል መጀመሪያ ባዶውን አዙረህ እይ።

አሁን ወደ ፎልቱ። ቮልቴጁ የሚበዛው ለምንድነው?

የሚዞር ነገር ሁሉ ጉልበት ያጠራቅማል። ሮተሩ (የሞተሩ የሚዞር ክፍል)፣ ፑሌጃው፣ ስፒንድሉ፣ ቸኩ (መያዣው)፣ መቁረጫው፣ ሁሉም። ጉልበቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኢንቨርተሩ ሞተሩን ለማቆም ፍሪኩዌንሲውን ሲቀንስ፣ ሮተሩ ከሚታዘዘው ፍጥነት በላይ እየሮጠ ይገኛል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ጄነሬተር ሆነ ማለት ነው። የተጠራቀመው ጉልበት ወደ ኢንቨርተሩ ይመለሳል። ተራ ኢንቨርተር ደግሞ ወደ መስመሩ መልሶ ሊልከው አይችልም። ያለው ማጠራቀሚያ የዲሲ ካፓሲተሩ ብቻ ነው።

ካፓሲተሩ ምን ያህል ይይዛል? በቁጥር እንየው። የሚዞረው ሁሉ ተደምሮ 0.02 ኪሎግራም ሜትር ስኩዌር የመዞር ክብደት አለው እንበል። በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ወደ 990 ጁል ገደማ ይይዛል። ባለ 230 ቮልት ኢንቨርተር ውስጥ ያለው ዲሲ በተለመደው ጊዜ 325 ቮልት አካባቢ ነው። 400 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል። ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ ከ325 ወደ 390 ቮልት ለመውጣት የሚያስፈልገው 23 ጁል ብቻ ነው። በአንድ በኩል 990፣ በሌላ በኩል 23። የተወሰነው በሞተሩ ሙቀትና በሰበቃ ይጠፋል። ቢሆንም ቀስ ብለህ ካላቆምከው ካፓሲተሩ አይችለውም። ያየኸው ፎልት ይህ ነው። ኢንቨርተሩ አልተበላሸም። እንዲያውም ራሱን እያዳነ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የማቆሚያውን ጊዜ ማርዘም ነው። ሌላው የብሬክ ሬዚስተር ማስገባት ነው። ከማቆሚያ ጊዜው ጀምር፤ ምንም ወጪ የለውም። ይህ ፓራሜትር በአብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ላይ ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ እስከ ዜሮ ያለውን ጊዜ ነው የሚናገረው። ስለዚህ 4 ሰከንድ ብትሞላ፣ በግማሽ ፍጥነት የሚዞር ስፒንድል በ2 ሰከንድ ይቆማል። በከፍተኛው ፍጥነት ከከባዱ መቁረጫህ ጋር ፎልት የማይሰጥበትን ጊዜ ፈልግና ትንሽ ጨምርበት።

ያ ጊዜ ከረዘመብህ ወደ ሬዚስተሩ ሂድ። ትርፉ ጉልበት ካፓሲተሩ ውስጥ ከሚጨናነቅ በሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ እባክህ አንድ ነገር አደራ። አምራቹ ከዚህ አይነስ ካለው ኦም በታች አትግጠም። ኦሙ ሲያንስ አምፔሩ ይጨምራል፤ ውስጥ ያለውን የብሬክ ትራንዚስተር ያቃጥለዋል። ሬዚስተሩ በጣም ስለሚግል ፕላስቲክና ሽቦ አጠገቡ አይሁን። እንዲሁም ኢንቨርተሩ የብሬክ ትራንዚስተር በውስጡ እንዳለው አረጋግጥ። አንዳንድ ትናንሽ ኢንቨርተሮች ተርሚናሉ ብቻ አላቸው፣ ውስጡ ባዶ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ፓራሜትር አለ። ኢንቨርተሩ ኤም5 ሲመጣ በራምፕ (ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ) ያቆማል ወይስ ሞተሩን ለቅቆት በራሱ ጊዜ እስኪቆም ይተወዋል? መልቀቅ ላይ ከተሞላ አደገኛ ነው። ኢንቨርተሩ ውጤቱን ወዲያው ስለሚዘጋ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ያሳያል። ስፒንድሉ ግን ገና እየበረረ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ኋላ ብታዝ ሞተሩ ላይ ትልቅ አምፔር ይመጣል፤ ኢንቨርተሩም በሌላ ፎልት ይቆማል። አቅጣጫ የሚቀይር ማሽን ላይ ይህ ፓራሜትር ራምፕ ላይ ይሁን።

አሁን ጂ4ን ልመልስልህ። ኤም5፣ ከዚያ ጂ4፣ ከዚያ ኤም4፣ ከዚያ እንደገና ጂ4። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ ዛሬውኑ አስገባው። ሁለተኛው ጂ4 እንዳይረሳህ። እሱ ነው ስፒንድሉ ፍጥነቱ ላይ እስኪደርስ ዜድን የሚያስጠብቅልህ። ኤም5ን ለብቻው በራሱ መስመር ጻፈው። ከእንቅስቃሴ ጋር በአንድ መስመር ሲሆን፣ አንዳንዱ መቆጣጠሪያ መጀመሪያ አቁሞ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው መጀመሪያ ተንቀሳቅሶ ያቆማል።

የቆይታው መጠን ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። በሊነክስሲኤንሲና በጂአርቢኤል (ሁለቱም የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ናቸው) ላይ ፒ፣ የቆይታውን መጠን የሚነግረው ፊደል፣ በሰከንድ ነው። ፋኑክ በሚባለው የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ላይ ፒ በሚሊሰከንድ ነው። ጂ4 ፒ3 በሊነክስሲኤንሲ 3 ሰከንድ ይጠብቃል። በፋኑክ 3 ሚሊሰከንድ ነው፤ ምንም አልጠበቀም ማለት ነው። በተቃራኒው ለፋኑክ የተጻፈ ጂ4 ፒ3000 ወደ ጂአርቢኤል ቢገባ 50 ደቂቃ ቆሞ ያስጠብቅሃል። ማክ3 በሚባለው ሶፍትዌር ላይ አሃዱ በሴቲንግ ይመረጣል። ከሌላ ማሽን ፕሮግራም ከተዋስክ መጀመሪያ ይህን እይ።

ታዲያ ጂ4 ለምን አይበቃም? ምክንያቱም ግምት ነው። ዛሬ የለካኸው 2 ሰከንድ ለዛሬው መቁረጫና ለዛሬው ፍጥነት ነው። ነገ ከባድ ፌስ ሚል (ሰፊ መቁረጫ) ታስራለህ፤ 2 ሰከንዱ አይበቃም። ከነገ ወዲያ ቺንጋው ይላላል። ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው፦ ብዙ ኢንቨርተሮች ቮልቴጁ ሊበዛ ሲል ማቆሚያውን በራሳቸው ያረዝሙታል። 2 ሰከንድ ሞልተህ 3 ሰከንድ ተኩል ሊወስድ ይችላል። ፕሮግራምህ ይህን አያውቅም። ሰዓቱ አለቀ፣ እንሂድ ይላል።

ስለዚህ ማሽኑ ስፒንድሉን ራሱን ይጠይቅ። ቀላሉ መንገድ የኢንቨርተሩ የውጤት ሪሌይ ነው። አብዛኞቹ «ዜሮ ላይ ነኝ» ወይም «የታዘዝኩት ፍሪኩዌንሲ ላይ ደርሻለሁ» እንዲል የሚሞላ ሪሌይ አላቸው። እሱን ወደ መቆጣጠሪያው ግቤት አምጣው። ትልልቆቹ ኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያዎች ለዘመናት የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፋኑክ ላይ የፍጥነት መድረስ ምልክትና የዜሮ ፍጥነት ምልክት ለየብቻ አሉ። ያ ምልክት ካልመጣ ኤም ትዕዛዙ አልተጠናቀቀም፤ የሚቀጥለው መስመርም አይጀምርም። የኢንቨርተሩ ሪሌይ የሚናገረው ስለሚልከው ፍሪኩዌንሲ እንጂ ስለ ዘንጉ እንዳልሆነ ግን አትርሳ። ቺንጋው ቢበጠስ እሱ አሁንም «ደርሻለሁ» ነው የሚለው።

የተሻለው ኢንኮደር፣ የዘንጉን ዙር የሚቆጥር መለኪያ፣ ነው። ስፒንድሉ ላይ ራሱ፣ ወይም በጥርስ ቺንጋ አንድ ለአንድ የተያያዘ። ባለ 1024 መስመር ኢንኮደር በአንድ ዙር 4096 ቆጠራ ይሰጥሃል። በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚመጣው የኢንዴክስ ምልክት ደግሞ ለታፕ ሥራ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ኢንኮደሩን በተንሸራታች ቺንጋ አታያይዘው። ሞተሩ ላይ ከገጠምከውና በመሃል የሚንሸራተት ቺንጋ ካለም የሚነግርህ ስለ ሞተሩ ብቻ ነው።

ሊነክስሲኤንሲ የምትጠቀም ከሆነ «ስፒንድል አት ስፒድ» የሚባል ግቤት አለልህ። ስፒንድሉ በተነሳ ወይም ፍጥነት በተቀየረ ቁጥር፣ የመጀመሪያው የመቁረጥ እንቅስቃሴ ይህ ምልክት እስኪመጣ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ግን ሲያዋቅር እንዳያስቸግረው «ሁልጊዜ ደርሷል» ብሎ ያስረዋል። ያንተም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፤ ዜድ ቀድሞ የሚሄደው ለዚህ ይመስለኛል። ፈትተህ ከእውነተኛው ፍጥነት ጋር አገናኘው። ስታገናኝ ሁለት ስህተት ተደጋግሞ ይመጣል። አንደኛው፣ የሚገባው ፍጥነት በሰከንድ ዙር ነው፣ የታዘዘው በደቂቃ ዙር ነው፤ በ60 ማባዛት ይረሳል። ሁለተኛው ምልክቱ ነው። በኤም4 ጊዜ የታዘዘው ፍጥነት ሲቀነስ 400 ነው፣ የተለካው ሲደመር 400 ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ መቼም አይገናኙም። በኤም3 ጥሩ የሚሠራ ማሽን በኤም4 ጊዜ ቆሞ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ወይ ሁለቱንም ያለ ምልክት አወዳድር፣ ወይ የኢንኮደሩን ኤና ቢ ሽቦ አስተካክል። ለታፕ ከሆነ የግድ ምልክቱ ራሱ ትክክል መሆን አለበት።

ጂአርቢኤል ከሆነ ቦርድህ፣ የማረጋገጫ ግቤት የለውም። ኤም4 ሲመጣ የአቅጣጫውን ፒን ወዲያው ይቀይራል። ስለዚህ እዚያ ላይ ኤም5ና ጂ4ን በትጋት መጻፍ ግዴታ ነው። በሌዘር ሁነታ ላይ ከተሞላ ደግሞ ኤም4 የኋላ ዙር መሆኑ ይቀርና የሌዘር ኃይልን ከፍጥነት ጋር የሚያስተካክል ትዕዛዝ ይሆናል። ማክ3 ለፊትና ለኋላ ዙር የመነሻና የማቆሚያ መጠበቂያ በሴቲንጉ ውስጥ ስላለው፣ እዚያ ሙላው፤ በየፕሮግራሙ ከመጻፍ ይሻላል።

ስለ ሪሌዮቹ ላስከትል። ሁለቱ ሪሌይ በአንድ ላይ ቢዘጋ ምን ይሆናል? ወደ ኢንቨርተር የሚሄዱ ከሆኑ፣ አንዱ ኢንቨርተር ይቆማል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ይከተላል። እንደ አምራቹ ይለያያል። በዚህ ላይ መተማመን አልወድም። የፊቱን ሪሌይ መስመር በኋላኛው ሪሌይ መደበኛ ዝግ ኮንታክት (ሪሌዩ ሳይነሳ የሚያገናኘው) በኩል አሳልፈው። የኋላኛውንም በፊተኛው። አንዱ ሲነሳ የሌላው መስመር በአካል ይቆረጣል። ሶፍትዌሩ ቢሳሳትም ሽቦው አይፈቅድም። ቦርድህ ማስነሻና አቅጣጫ እየለየ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ፣ ኢንቨርተሩን «ፊት እና ኋላ» ከሚለው አሠራር ወደ «ማስነሻ እና አቅጣጫ» ቀይረው። ብዙዎቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

ኢንቨርተር የሌለው፣ በሁለት ኮንታክተር (ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ፌዝ እያቀያየረ የሚሠራ ማሽን ያለው አንባቢም ይኖራል። እዚያ ላይ ነገሩ የከፋ ነው። ሁለቱ ኮንታክተር አብረው ከገቡ ፌዝ ከፌዝ ይጋጫል። የኤሌክትሪኩ መቆላለፊያ ብቻ አይበቃም፤ በመሃላቸው የሚገጠመው ሜካኒካል መቆላለፊያም ይግባ። እየዞረ ያለ ሞተርን ቀጥታ መገልበጥም ሞተሩን ከሚያስነሳው አምፔር የበለጠ ይጠይቃል፤ ኮንታክቱን ያቃጥላል፣ ቺንጋና ማርሽ ይመታል። ኢንቨርተር ካለህ ደግሞ በኢንቨርተሩና በሞተሩ መሃል ኮንታክተር አስገብተህ ፌዝ ለመቀያየር ፈጽሞ አትሞክር። ኢንቨርተሩ አቅጣጫውን በራሱ ይቀይራል።

ወደ ተሰበሩት ታፖች እንምጣ። እውነቱን ለመናገር፣ በመደበኛ ሚሊንግ ሥራ ኤም4 ብዙም አያስፈልግም። ተራ ኤንድ ሚል በኤም4 ከገባ ስለቱ አይቆርጥም፣ ይፈትጋል፣ ወዲያው ያልቃል። ኤም4 የሚፈለገው ለግራ ዙር መቁረጫ፣ ለአንዳንድ ከጀርባ ለሚቆርጡ መሣሪያዎች፣ ከሁሉ በላይ ግን ታፕን ከጉድጓድ ለማውጣት ነው። ታፕ ላይ ደግሞ ይቅርታ የለም። ዜድ በአንድ ዙር በትክክል አንድ ፒች (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት) መሄድ አለበት። ኤም8 (እዚህ ላይ ትዕዛዝ ሳይሆን የ8 ሚሊሜትር ጥርስ ስም ነው) ባለ 1.25 ሚሊሜትር ፒች ታፕ በደቂቃ 400 ዙር ከሆነ፣ ፊዱ (የዜድ የመሄጃ ፍጥነት) በደቂቃ 500 ሚሊሜትር ነው።

ችግሩ የሚመጣው ታች ላይ ነው። ስፒንድሉ ከ400 ዙር ወደ ዜሮ በ1 ሰከንድ ይቆማል እንበል። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ዙር በላይ ይዞራል። በ1.25 ፒች ስታሰላው 4.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዜድህ ታዞ ቆሟል። ታፑ ግን 4 ሚሊሜትር ተጨማሪ መውረድ ይፈልጋል። በተራ ኮሌት (መቁረጫውን ጨምቆ የሚይዝ ቀለበት) የታሰረ ታፕ ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ወይ ጥርሱን ይነቅላል፣ ወይ ይሰበራል። ያንተ ሁለቱ ታፖች እንዲህ የሄዱ ይመስለኛል። ፍጥነቱን ወደ 200 ብታወርደው በዚያው ራምፕ ማቆሚያው ግማሽ ሰከንድ ይሆናል፤ ትርፉም ወደ 1 ሚሊሜትር ይወርዳል። አራት እጥፍ ቀነሰ። ታፕ ላይ ፍጥነት መቀነስ ይህን ያህል ይጠቅማል።

ኢንኮደር ከሌለህ የሚለጠጥና የሚጨመቅ የታፕ መያዣ ግዛ። ያን ትርፍ ርቀት በስፕሪንጉ ይውጠዋል። ከጉድጓዱ ታችም ለትርፉ ቦታ ተው። ፊዱን ከስሌቱ ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ መያዣው ወደ መለጠጥ ጎን እንዲሄድ። ራሱ የሚገለብጥ የታፕ ጭንቅላትም አለ። እሱ ሲጎተት በውስጡ ባለው ማርሽ ታፑን ይገለብጣል። ስፒንድሉ አቅጣጫ መቀየር አያስፈልገውም።

ኢንኮደርና ኢንዴክስ ካለህ በጥብቅ የተሳሰረ ታፕ መሥራት ትችላለህ። በሊነክስሲኤንሲ ጂ33.1 ነው። በፋኑክ ብዙ ጊዜ ኤም29 ቀድሞ ጂ84 ይከተላል፤ ለግራ ጥርስ ጂ74። እዚህ ላይ ዜድ ስፒንድሉን ይከተላል። ስፒንድሉ ሲዘገይ ዜድ ይዘገያል፣ ሲገለበጥ ዜድም ይገለበጣል። ይህ በጣም የሚያምር ነገር ነው፤ መጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ ያየሁ ቀን ደጋግሜ አሠራሁት። ነገር ግን ትርፉ ርቀት አይጠፋም። ታፑ ሳይሰበር የሚሄደው ዜድ አብሮት ስለሚወርድ ነው። ከታዘዘው ጥልቀት ያልፋል። እስከ ታች ያልተበሳ ጉድጓድ ከሆነ ታች መትቶ ይሰበራል። መጀመሪያ በአየር ላይ አሠራና ምን ያህል እንደሚያልፍ ለካ። ከዚያ ጥልቀቱን ቀንስ።

የታፕ ሥራን በጂ1 (ቀጥታ የመቁረጥ እንቅስቃሴ) እና በኤም4 ከጻፍከው ሌላም አደጋ አለ። ፊድ ማስተካከያውን ትንሽ የነካ ሰው ታፑን ይሰብረዋል። ጂ84 በዚያ ሰዓት ማስተካከያውንና ፊድ ማቆሚያውን አይሰማም። በእጅህ ከጻፍክ ማስተካከያውን በኤም49 ቆልፈህ ሲያልቅ በኤም48 ክፈተው፤ መቆጣጠሪያህ እነዚህን ካወቀ።

በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ የሞተሩ አቅምም ይታሰብ። ባለ 4 ፖል ሞተር በቀጥታ 300 ዙር ከፈለግክበት 10 ኸርዝ ላይ ነው የሚሠራው። በተራው የቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ አሠራር እዚያ ላይ ጉልበቱ ደካማ ነው። ታፑ መሃል ላይ ቢይዘው ሞተሩ ቆሞ ይቀራል። ኢንቨርተሩን ወደ ቬክተር አሠራር ቀይረው፤ የተሻለው ግን ዝቅተኛውን ማርሽ ወይም ፑሌጃ መጠቀም ነው። ማርሽ ስታስገባ የአቅጣጫውን ነገር አትርሳ።

ሥራው ውድ ከሆነ፣ ጉድጓዱም ትንሽ ካልሆነ ደግሞ እኔ ታፕ አልጠቀምም። በጥርስ ሚሊንግ እሠራዋለሁ። ስፒንድሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኤም3 ላይ ነው። ለቀኝ ጥርስ ከታች ጀምረህ በጂ3 (ከሰዓት በተቃራኒ ቅስት) እየዞርክ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ በአንድ ዙር አንድ ፒች። መገልበጥ የለ፣ ማቆም የለ። መቁረጫው ቢሰበር እንኳ ከጉድጓዱ ስለሚቀጥን ስብርባሪው ይወጣል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር። ተራው የኮሌት ዳዶ የቀኝ ጥርስ ነው። በኤም3 የሚዞር ስፒንድል በድንገት ሲቆም ዳዶው በጉልበቱ መቀጠል ይፈልጋል፤ ያ አቅጣጫ የመፍቻው አቅጣጫ ነው። ወዲያው በኤም4 ሲነሳ ደግሞ ዳዶው ወደ ኋላ መቅረት ይፈልጋል። ያም የመፍቻው አቅጣጫ ነው። ማለት መቆሙም መገልበጡም ወደ አንድ ጎን ነው የሚገፉት። በደንብ የጠበቀ ዳዶ ይህን ይችላል። በእጅ ብቻ የጠበቀ አይችልም። በጥርስ የሚገባ ቸክ፣ በአንድ ብሎን የታሰረ የመጋዝ ዲስክ፣ በብሎን የተያዘ ፌስ ሚል ካለህ፣ የብሬክ ሬዚስተር ስላለህ ብቻ ማቆሚያውን ግማሽ ሰከንድ አታድርገው። ፈጣን መሆን የሚችል ሁሉ ፈጣን መሆን የለበትም። በደቂቃ 24000 ዙር የሚሄዱት ትናንሽ ስፒንድሎች ላይ ደግሞ ለመገልበጥ ምንም ምክንያት የለህም። እዚያ ላይ ኤም4ን በኢንቨርተሩ ፓራሜትር ከልክለው፤ «የኋላ ዙር ክልክል» የሚል ምርጫ አለ።

አንድ የደረሰብኝን ላካፍልህ። የታፕ ፕሮግራም መሃል ላይ አቁሜ ታፑን በእጅ አወጣሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ከመሃል፣ ከፌስ ሚሉ መስመር አስጀመርኩት። የኤም3 መስመር ከላይ ቀርቶ ነበር። በመቆጣጠሪያው ውስጥ የቀረው ኤም4 ነበር። ፌስ ሚሉ ተገልብጦ እየዞረ ወደ ሥራው ገባ። ጥርሶቹ በሙሉ ተሸረፉ፣ ሊያልቅ የተቃረበ ሥራም ከሞርሳው ተነቀለ። እጄ አጠገቡ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ የመቁረጫ ቅየራ በኋላ ኤም3ንና ፍጥነቱን እንደገና እጽፋለሁ። የታፕ ክፍሉንም ሁልጊዜ በኤም5 እዘጋለሁ። የሚደጋገም ቢመስልም ጻፈው።

የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ ደግሞ በሶፍትዌር በኩል ብቻ አይለፍ። ሪሌይ ኮንታክቱ ሊጣበቅ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ «አቁሜያለሁ» እያለ ስፒንድሉ ሊዞር ይችላል። ቁልፉ በቀጥታ የኢንቨርተሩን ማስነሻ መስመር ይቁረጥ። ኃይሉን ወዲያው መቁረጥ ስፒንድሉን እንዲሁ እንዲበር ይተወዋል። በአይኢሲ 60204-1 ደረጃ ምድብ 1 የሚባለው አሠራር መጀመሪያ በራምፕ አቁሞ ከዚያ ኃይሉን ይቆርጣል። ለስፒንድል እሱ ይሻላል። ቁልፉ ሲለቀቅም ስፒንድሉ በራሱ እንዳይነሳ።

አንተ በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄድ ደስ ይለኛል። ዛሬ ኤም5ንና ሁለቱን ጂ4 አስገባ፣ የማቆሚያ ራምፑን አርዝም፣ የሪሌዮቹን መቆላለፊያ ሽቦ ሥራ። ቀጥለህ የኢንቨርተሩን ምልክት ወደ ቦርዱ አምጣ። ኢንኮደሩ ሲመጣ ስፒንድሉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምር፤ በእጅህ ከላይ እያየህ በሰዓት አቅጣጫ አሥር ዙር አዙረው። ቆጠራው ወደ ላይ መጨመር አለበት፣ መጨረሻውም 40960 አካባቢ መሆን አለበት። ወደ ኋላ አሥር ዙር ስትመልሰው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ኤም3፣ ኤም5፣ ኤም4፣ ኤም5 ሃያ ጊዜ አመላልሰው። ቆጠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚዘል ከሆነ የኢንኮደሩ ሽቦ ከሞተሩ ኬብል ጋር አብሮ ተጎትቷል ማለት ነው። ለየው፣ የተሸፈነ ኬብል ተጠቀም። ይህን ሁሉ ካለፈ የመጀመሪያውን ታፕ በፕላስቲክ ላይ ሞክር። ታፑ ሲወጣ ጥርሱ ንጹሕ ከሆነ፣ በአሉሚኒየም ላይ ድገመው። ብረቱን ለመጨረሻ አቆየው።